ያልተቀነሰችው አንድ

ባሕር ዳር፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ መርስዔ ኀዘን፣ ደልጊ

እንደምን ሰነበቱ? የእናቴስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ ደኅና ነኝ። ከኅዳር ጽዮን ወዲህ አንዲት መስመር ሳልጽፍ ቀርቻለሁና ይቅር ይበሉኝ። ስልኩ ደልጊ ላይ ከጠፋ ወራት ቢያልፉትም ጀልባው በየእሑዱ ከዚህ ይነሣል፤ ስለዚህ ምክንያት የለኝም።

የጀልባው ሠራተኛ ገድሉ መልእክትዎን በቃሉ አደረሰኝ። ሰዎች ልጅህ ምን ትማራለች ብለው ሲጠይቁዎ «ኮከብ» ከማለት በቀር መልስ እንዳጡ፣ እነሱም «መሪጌታ ልጃቸውን ኮከብ ቆጣሪ አደረጓት» እያሉ እንደሚያሙዎ ሲነግረኝ ሣቅሁም፣ አፈርሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ በቅጡ አስረድቼዎ አላውቅም።

እንግዲህ ለጠየቀዎ ሁሉ እንዲህ ይበሉልኝ። ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲሞት መካከሉ ወደ ውስጥ ይደረመሳል። የሚተርፈው አስኳል ከፀሐይ ይከብዳል፤ ስፋቱ ግን ከባሕር ዳር መሸንቲ ከሚያደርሰው የሃያ ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ ብዙም አይረዝምም። ኒውትሮን ኮከብ እንለዋለን። ከእነሱ መካከል የጥቂቶቹ የማግኔት ኃይል ከምድራችን ማግኔት በብዙ ሚሊዮን ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል፤ እነዚህን ማግኔታር እንላቸዋለን። ማግኔቱ በኮከቡ ሆድ ውስጥ ሲጠማዘዝና ሲወጠር ቅርፊቱን ያስጨንቀዋል፤ ቅርፊቱም አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ልክ ምድር ስትናወጥ እንደሚሆነው።

ከሰማይ ደግሞ ለዐይን የማይታይ፣ በሬዲዮ አንቴና ብቻ የሚያዝ ብልጭታ ይመጣል። ዐይን አንዴ እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ፀሐይ በቀናት የምታወጣውን ያህል ኃይል ሊይዝ ይችላል። አብዛኛው የሚመጣው ከሩቅ ጋላክሲዎች ነው። በ2012 ሚያዝያ ላይ ግን ከራሳችን ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ፣ ከአንድ ማግኔታር ወጥቶ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ከፊሎቹ ከማግኔታር እንደሚወጡ ብዙ ሰው ተቀብሏል። እንዴት ይወጣሉ የሚለው ነው የቀረው ክርክር። አንዳንዶች እዚያው ከኮከቡ አጠገብ፣ ማግኔቱ በሚገዛው ሰፈር ውስጥ ይወለዳሉ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከኮከቡ የተወረወረው ነገር ርቆ ሄዶ ከከበበው ጋዝ ጋር ሲላተም ነው ይላሉ።

የእኔ ሥራ ይህን መለየት ነው። ኮከብ ይርገበገባል፣ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ግን እምብዛም አትርገበገብም፤ ለዐይናችን ኮከቡ ነጥብ፣ እሷ ግን ሰፋ ያለች ናትና። ብልጭታውም በመንገዱ ባለ የጋዝ ደመና ውስጥ ሲያልፍ ከተርገበገበ የወጣበት ቦታ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከኮከቡ ቅርብ ነው ማለት ነው። የውጭ አገር ተመራማሪዎች ዳታውን ለሁሉም ክፍት ካደረጉት አንድ ብልጭታ ላይ ይህን አስልቼ ቅርብ ሆኖ አገኘሁት። ጽሑፉም በውጭ መጽሔት ሊታተም ተቀባይነት አግኝቷል፤ የዶክትሬት ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን መጋቢት 20 ተቆርጧል።

አንዲት ትንሽ የማጣራት ሥራ ቀርታኛለች። ለጥምቀት የማልመጣው በእሷ ምክንያት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳያስቡ።

ልጅዎ ሲና


ደልጊ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሲና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የእናትሽ ጉልበት ፀሐይ ሲሞቀው ይሻለዋል፣ ወደ ማታ ይብሳል። ጥምቀት በሰላም አለፈ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁላት፤ ከዚያ ለቄሰ ገበዙ ወሰድሁት። መሸንቲ ድረስ የማይዘልቅ ነገር ከፀሐይ ይከብዳል ያልሽውን አልተቀበለም። «ልጅህ ናትና አልከራከርህም» ብሎ ተወኝ። እኔ ግን ተቀብዬዋለሁ፤ የርግብግቢቱ ነገር ደግሞ ደስ አሰኝቶኛል።

ስለ ጤናዬ በገድሉ በኩል የጠየቅሽኝ፣ ደኅና ነኝ። አሁን እኔም ልጠይቅሽ። ዓመቱን ሙሉ በጻፍሽልኝ ውስጥ ባልደረባሽ ቴዎ ያልተነሣበት የለም፤ የጥናትሽን ሰንጠረዥ አብሮሽ እንደሠራ፣ ሁለተኛ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ እንደሄድሽ ጽፈሽልኛል። በዚህኛው ግን ስሙ የለም። ደግሞም «ትንሽ» ያልሻት ሥራ ለጥምቀት ካስቀረችሽ ትንሽ አይደለችም። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ የተማሪ ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ያለውን ጻፊልኝ።

አባትሽ


ደልጊ፣ የካቲት ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሲና፣

ጥር ፲፯ የጻፍሽው ስምንት ገጽ በጊዜው ደርሶኛል። ሁለት ጀልባ ያለ መልስ ያሳለፍሁት ታምሜ አይደለም። ወረቀት እያወጣሁ መልሼ አስቀምጥ ስለነበር ነው፤ ይቅር በይኝ።

ነገሩ እንደገባኝ እንዲህ ነው። የጋዙን ደመና ርቀት ከኮከቡ ጀምረሽ መለካት በሚገባሽ ቦታ ከእኛ ጀምረሽ ለክተሽ አስገብተሻል። ስሕተቱን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ዶክተር ፀሐይወርቅ፣ የበላይሽና አስተማሪሽ፣ አንዱ ቁጥር እንግዳ ሆኖባቸው ሲጠይቁ ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ቴዎ ነውና የእሱ ስሕተት ይሆናል ብለው ገመቱ፤ አንቺም ዝም አልሽ። ቴዎ በዚህ ዓመት ለትምህርት ሊላክ ታጭቷል፤ እንዝህላል ከተባለ ግን ዕጩነቱ ይቀራል። «ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ? እርስዎስ በባሕረ ሐሳብ፣ በአጽዋማቱ ስሌት፣ ተሳስተው ያውቃሉ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ልጅ ሆነሽ ከእንፍራንዝ ለምን እንደወጣሁ ስትጠይቂኝ ንዳድ አስቸግሮኝ ነው እልሽ ነበር። ንዳድ አልነበረም።

በ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ የዘመን መቁጠሪያው ወረቀት ከጎንደር ሳይደርሰን ቀረ። ያስተማሩን መምህር ዐርፈው ነበር። የእንፍራንዙ ቄሰ ገበዝ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ አስላ ብለው እኔን አዘዙኝ፤ የሃያ ስድስት ዓመት ደብተራ ነበርሁ፣ ኮራሁ። ከፍጥረት የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም በዐሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ፣ ማለትም ሲካፈል፣ ከሚተርፈው ላይ ለዘመን አንድ ይቀነሳል፤ የቀረው ወንበር ይባላል፣ አጽዋማቱ ሁሉ ከእሱ ይወጣሉ። የዚያን ዓመት የተረፈው ፲፭ ነበር። አንዷን ሳልቀንስ ፲፭ቱን ወንበር አልሁት። ነነዌ ጥር ፳፩ ወጣልኝ። ነነዌ የሚገባው ሁልጊዜ ሰኞ ነውና ቀኑ ሰኞ ላይ ስለዋለልኝ ልክ መሰለኝ፤ ደግሜ አላየሁትም።

ጓደኛዬ ፍሬ ስብሐት ድምፀ መልካም ነበር፤ አብረን ነው ያደግነው። ወረቀቱን ሰጠሁት፣ ከጥምቀት ማግሥት በዐውደ ምሕረት አነበበው። ሕዝቡም በአስተርዮ ማርያም ቀን ጾም ገባ። ሠርግ የደገሰ ድግሱን በሽሮ በላ። በዚያው ሳምንት ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ነነዌ የሚገባው ጥር ፳፰ እንደሆነ ነገረን። ሕዝቡ ያየው ያነበበውን ሰው ነው፤ ጣቱን ወደ ፍሬ ስብሐት ቀሰረ። በቀጣዩ ዓመት የመምህሩን ወንበር ሊረከብ የታሰበው እሱ ነበር፤ ያ ቀረበት። ወደ እርሻ ገባ። እኔም ዝም አልሁ። ከወር በኋላ ጓዜን ይዤ ጣናን ተሻገርሁ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም፤ ትናንት ነገርኋት።

እንግዲህ ኃጢአት ነው አይደለም እያልሁ አልሰብክሽም። ከተሳሳትሁባት ቀን ይልቅ ዝም ያልሁባት ቀን ናት እስከ ዛሬ አብራኝ የኖረችው። ነገ ነነዌ ይገባል። የዘንድሮውን ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።

አባትሽ መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይድረስዎ ብዬ እየተጣደፍሁ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዎን ያነበብሁት ጀልባው የሚቆምበት ዳር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ቤት እስክደርስ መታገሥ አልቻልሁም። ስለ እርስዎ የተሰማኝን ልንገርዎ፤ አላፈርሁብዎትም። አዘንሁ፤ ደግሞም ከበፊቱ ይልቅ የማውቅዎ መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር ፀሐይወርቅ ቢሮ ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ልንገርዎ ብል ረጅም ነው። ስሕተት እንዳለ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው «የቴዎ ሰንጠረዥ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ሰንጠረዡ ልክ ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ካወቅሁም ከወር በላይ ሆኖኛል» አልኋቸው።

ከስሕተቱ ይልቅ ወሩ እንዳስቀየማቸው አልሸሸጉኝም። ባለፈው ወር በስብሰባ ላይ የእኔን ውጤት ትክክል ነው ብለው በስማቸው አቅርበው እንደነበር አስታወሱኝና እኔ ማልቀስ ስጀምር ቢሮውን ለቀው ወጡ። ሲመለሱ ሻይ ይዘው ነበር። ለመጽሔቱ ደብዳቤ አብረን ጻፍን፤ ጽሑፉ ገና ስላልታተመ ያዘግዩልን፣ አስተካክለን እንልካለን ብለን። የመጋቢቱ ቀን ተሰርዟል።

ለቴዎ መንገር ከዚህ ይከብደኛል ብዬ ነበር። ነገሩን ሰምቶ ዞር ብሎ በመስኮት ወደ ሐይቁ ሲያይ ቆየ። ለካ ዶክተሯ ሰንጠረዡን ዳግም እንዲያይ ካዘዙት ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሌለ ስሕተት ሲፈልግ ነበር የከረመው። ሚስቱ አመመህ ወይ እስክትለው ድረስ። አሁን ግን አብሮኝ እያሰላ ነው። ዕጩነቱ አልተነካም።

ውጤቱ ገና አልወጣም። ምናልባት ቅርብ ያልሁት ሩቅ ይሆናል፤ ያኔ የስድስት ዓመት ሥራዬ ግማሹ ይፈርሳል። ቢሆንም ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት ነገር ምግብ ምግብ ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈርቼ ነበር፤ በገድሉ በኩል ግን በቃል ልኬዋለሁ። ቢቆጡም ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ሲና


ደልጊ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለሲና፣

አልተቆጣሁም። አዎ፣ ፍሬ ስብሐት በሕይወት አለ። እዚያው እንፍራንዝ ነው፤ ባለፈው ዓመት ከዚያ የመጣ አንድ ቄስ ነግሮኛል።

የሚቀጥለው ጀልባ ሲያልፍ እስከ ጎርጎራ እሳፈራለሁ። ከዚያ በጎንደር አድርጌ በመኪና እገባለሁ። እናትሽ ስንቅ እየቋጠረች ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የት ቆየህ ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም። ስደርስ እጽፋለሁ።

አባትሽ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣ እንፍራንዝ፣ ካሉበት

ይህን የምልከው በእንፍራንዝ በኩል ወደ ጎንደር ለሚያልፍ ሹፌር ነው፤ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን የሚባሉ እንግዳ ካሉ በቤተ ክርስቲያኑ አጠያይቅልኝ ብዬዋለሁ። ከወጡ ሦስት ሳምንት ሞላ። ገድሉ ጎርጎራ በሰላም እንዳወረደዎ ከመማሉ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴም ደልጊ ሆና በየጀልባው ሰው እየላከች ትጠይቀኛለች። እኔም እየዋሸሁ «ደኅና ናቸው» እላታለሁ። አያስዋሹኝ።

የእኔን ነገር ልንገርዎ፣ የምሥራች ነው። አስተካክለን ስናሰላ ብልጭታው የወጣበት ቦታ ስፋት ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልሁት አርባ ሺህ ሆነ። ቴዎ ቁጥሩን ሲያነብልኝ ደግመህ አንብበው አልሁት። ነገር ግን ከሩቅ ነው የሚሉት ወገኖች ሐሳብ እንዲሠራ ቢያንስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። አርባ ሺሁ ያን አይጠጋም፤ አሁንም ማግኔቱ በሚገዛው ሰፈር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ አንዱ ብልጭታ ቅርብ ነው፤ እኔ በድፍረት ያልሁትን ያህል ግን ቅርብ አይደለም። ስለ ሌሎቹ ብልጭታዎች ምንም ማለት አንችልም፤ ዶክተር ፀሐይወርቅም ይህን ዐረፍተ ነገር በራሳቸው እጅ ጨምረውበታል።

መጽሔቱ የታረመውን ተቀበለ። አንዱ ገምጋሚ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ይህኛውን አምነዋለሁ ብሎ ጻፈልን። የቴዎ ስም ከእኔ ቀጥሎ ገብቷል፤ ይገባዋል። የምከላከልበት ቀን ሰኔ 7 ሆኗል።

ደስታዬ ግን ግማሽ ነው። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሲና


እንፍራንዝ፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሲና፣

ሹፌሩ ደብዳቤሽን አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። አርባ ሺሁን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ደስ አለኝ። እንዲህ በመጥፋቴ ከልቤ አዝናለሁ። ስልክ የሚያስደውለኝ ሰው አጥቼ አይደለም፤ ገና እንፍራንዝ አልደረስሁም ማለት አፍሬ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ። ጎንደር ከአጎትሽ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጥሁ፤ እንዳይነግርሽም ለመንሁት። በየጠዋቱ መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ መኪናው ሲሞላ እመለሳለሁ። አጎትሽ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እጄን ይዞ አሳፈረኝ።

ፍሬ ስብሐትን ያገኘሁት ከጉዛራ ግንብ ወዲህ ካለች ማሳው ላይ፣ የሽምብራ ክምሩን ሲያጥር ነው። ጠጕሩ ሁሉ ነጥቷል። ወዲያው ዐወቀኝ። አንገቴን አቅፎ ሳመኝ፣ ቤት አስገባኝ፣ የጾም ወጥ አቀረበልኝ። መብላት አቃተኝ።

እዚህ ላይ ላንቺም ያልነገርሁሽ አለ። ነጋዴው ከጎንደር በመጣ ቀን ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን አምጡ አሉ። ፍሬ ስብሐት ከእኔ ዘንድ ትቶት ነበር። ደግሜ ሳሰላ ያልቀነስኋትን አንዷን አየኋት፤ ወረቀቱን አቃጥዬ በሌላ ወረቀት ላይ ፳፰ ብዬ ጻፍሁ። ያን ሰጠኋቸው። ዝምታ ብቻ አልነበረም፣ ሲና። ይህን በየካቲቱ ደብዳቤ ልጽፈው ብዬ እጄ አልሄደልኝም።

ይህን ሁሉ ነገርሁት። እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እኔ ያነበብሁት ላይ የነበረው ሃያ አንድ ነው?»

«ሃያ አንድ ነው» አልሁት።

ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እሱ ራሱ ፳፰ የሚለውን ፳፩ ብሎ ያነበበ መስሎት ኖሯል። ወረቀቱን ሲያዩት ፳፰ ይላላ። ዐይኑን ማመን ተወ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ አንድ መስመር አንብቦ አያውቅም፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲያመጡ እንኳ ሚስቱን አንብቢልኝ ይላት ነበር። እኔ ወንበሩን የነሣሁት ይመስለኝ ነበር። የነሣሁት ንባቡን ነው።

ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ፤ ግን በሕዝብ ፊት እንድናገረው ጠየቀኝ። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ፈቅደውልኝ ተናገርሁ። አብዛኛው ሰው በዚያ ዘመን አልተወለደም፤ ዐይን ዐይኔን እያየ ሰማኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ እናትዓለም የሚሏት አንዲት ሴት ከሴቶቹ ወገን ተነሣች። ያን አስተርዮ ማርያም ሙሽራ የነበረችው እሷ ኖራለች። «ለሠርጌ የታሰበውን በሬ የነሣኸኝ አንተ ነሃ?» አለችኝ። አዎ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «እንግዲያው ለፋሲካ ከእኔ ቤት ትበላለህ፤ እኔና ባሌ አሁንም አለን» አለች። ሕዝቡ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፣ ሣቄም ዕንባ ሆነብኝ።

ስለዚህ ለትንሣኤ እዚሁ ነኝ። እናትሽን ከጀልባው ተቀብለሽ ይዘሻት ነይ፤ ከባሕር ዳር በመኪና ቅርብ ነው። ቴዎም ከነቤተሰቡ ቢመጣ ቤቱ ይበቃል ብሎሻል ፍሬ ስብሐት።

ትናንት ሰዉ ከተበተነ በኋላ ቄሱ ስንክሳሩን አውጥተው የዚያን ዕለት የሚነበበውን ገልጠው ለፍሬ ስብሐት ሰጡት። መነጽር ተዋሰ። ከእኔና ከቄሱ በቀር የሚሰማው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ በጣቱ እየተከተለ ነበር የሚያነብበው፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ፣ እኔም አላገዝሁትም። ወደ መጨረሻው ጣቱን አነሣ፣ ድምፁም ያ የማውቀው ድምፅ ሆነ። ሲጨርስ መጽሐፉን ሳይዘጋ ወደ እኔ ዞረ።

«ልክ አነበብሁ?» አለኝ።

«አንዲት ፊደል አልሳትህም» አልሁት።

አባትሽ መርስዔ ኀዘን